አባቴ «ጠያቂ የለኝም» ሲል

ድሬዳዋ ውስጥ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሲያልፍ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ይገባል። አባቴ ግን በዚያ ሙቀት ሽርጡን አገልድሞ፣ ከዚራ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ይቀመጥና ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ «እኔ እኮ ጠያቂ የለኝም» ይላል። የሚለው ለእኔ ነው። ጠዋት ቁርሱን ላቀረብኩለት፣ የደም ግፊት ክኒኑን መዳፉ ላይ ላስቀመጥኩለት፣ ለምሳ ከሥራ በባጃጅ ሮጬ ለመጣሁት ልጁ።

«እኔስ ማን ነኝ ታዲያ?» እለው ነበር። ዝም ሲለኝ እቀጥላለሁ። ትናንት ማን እንደመጣ፣ ባለፈው ሳምንት ማን እንደደወለ፣ እሑድ የአጎቴ ልጆች ሙዝና ፓፓያ ይዘው እንደመጡ አንድ በአንድ እቆጥርለታለሁ። በማስረጃ እረታዋለሁ። የተረታው አባቴ ተነስቶ ክፍሉ ይገባል፤ የረታሁት እኔም እስከ ራት ድረስ ስበግን እቆያለሁ። እናታችን ካረፈች በኋላ አምስት ዓመት የኖርነው እንዲህ ነው።

ይህን የምጽፈው ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ የማያልቅ ክርክር ላለበት ሰው ነው። ወላጅ ለሚጦር፣ ከትዳር ጓደኛው ጋር በየምሽቱ ስለዚያው ነገር ለሚነታረክ፣ ከወንድሙ ጋር ከተኮራረፈ ዓመት ላለፈው። እኔን የረዳኝ ከሩቅ አገር የመጣ የቡድሂስቶች ልምምድ ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ አሁንም ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ፤ ሃይማኖት ላስቀይር እንዳልመጣሁ ከወዲሁ ልናገር።

ታላቅ እህቴ የምትኖረው ፈረንሳይ፣ ቦርዶ ከተማ ነው፤ ከሄደች ከሃያ ዓመት በላይ ሆናት። ከሦስት ዓመት በፊት ከቦርዶ በስተምሥራቅ ገጠር ውስጥ ባለ ፕለም ቪሌጅ በሚባል የቡድሂስት ገዳም አንድ ሳምንት ቆይታ ተመለሰችና በቴሌግራም ረጅም የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ስለ ማዳመጥ ነበር። ሳልጨርሰው ደሜ ፈላ። አባታችንን ሐኪም ቤት የማመላልሰው እኔ፣ ሌሊት ሲያስለው የምነሳው እኔ፣ እሷ ከቦርዶ ሆና «በርኅራኄ አዳምጪው» ትለኛለች! ግማሹን ሰምቼ ዘጋሁት። ሌላውን ግማሽ የሰማሁት ከአራት ወር በኋላ ነው፤ ያውም ከአባዬ ጋር ክፉኛ ተጣልተን፣ የምሠራበት መድኃኒት ቤት ጓዳ ውስጥ ካርቶን ላይ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ በዋልኩበት ቀን።

መጀመሪያ የጠየቅኳት «ሃይማኖትሽን ለወጥሽ እንዴ?» ብዬ ነው። አልለወጥኩም አለችኝ። እንዲያውም የገዳሙ መሥራች ከሌላ እምነት የሚመጣውን ሰው «ወደ ራስህ ሥር ተመለስ፣ ከሃይማኖትህ አትነቀል» ይሉ እንደነበር ነገረችኝ። ይህ ልቤን ከፈተው።

እኚህ መነኩሴ ቲክ ናት ሃን ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1926 በመካከለኛው ቬትናም፣ ሁዌ ከተማ ተወለዱ፤ በ16 ዓመታቸው ገዳም ገቡ። አገራቸው በጦርነት ስትነድ ከአንዱ ወገን ሳይቆሙ ስለ ሰላም በመናገራቸው ሁለቱም ወገኖች በጥርጣሬ አዩዋቸው። በ1966 ሰላም ሊለምኑ ወደ ውጭ ወጡ፤ አገራቸውን መልሰው ለማየት 39 ዓመት ፈጀባቸው። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1967 ለኖቤል የሰላም ሽልማት አጭቷቸው ነበር። ፕለም ቪሌጅን በ1982 ከመነኩሲት ቻን ኮንግ ጋር መሠረቱ። ከሕይወታቸው ውስጥ እኔ ደጋግሜ የማስበው ግን መጨረሻውን ነው። በ2014 የአንጎል ደም መፍሰስ አጋጠማቸውና መናገር አቆሙ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለ መልካም ንግግር ያስተማሩ ሰው በ95 ዓመታቸው፣ በጥር 2022 እስኪያርፉ ድረስ ሰባት ዓመት ያህል ያለ ንግግር ኖሩ። ሰው ግን ከጎናቸው ለመቀመጥ ይመጣ ነበር።

ቡድሂስት ምእመናን ከጥንት የሚጠብቋቸው አምስት ነገሮች አሉ፤ አራተኛው አለመዋሸት ነው። ቲክ ናት ሃን ይህን አራተኛውን ሰፋ አድርገው ሁለት እጅ አበጁለት፤ አንዱ ፍቅር ያለበት ንግግር፣ ሌላው በርኅራኄ ማዳመጥ። የልምምዱ ሁሉ መሠረት «ማስተዋል» የሚሉት ነገር ነው፤ እየተነፈስክ መተንፈስህን፣ እየተቆጣህ መቆጣትህን ማወቅ ማለት ነው። ስለ ማዳመጥ የሚሰጡት መመሪያ ደግሞ አጭር ነው። ስታዳምጪ አንድ ዓላማ ብቻ ይኑርሽ፤ ሰውየው የሆዱን አውጥቶ ትንሽ እንዲቀለው። ቢሳሳት፣ የሌለ ነገር ቢናገር፣ አንቺኑ ያለ ጥፋትሽ ቢከስሽ እንኳ ያን ሰዓት አታርሚው። የማረሚያው ቀን ሌላ ነው።

ይህ «አታርሚው» የሚለው ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ። ሐሰት ሲነገር ዝም ማለት መስማማት ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። አባቴ «ጠያቂ የለኝም» ሲል ዝም ካልኩ ጠያቂ እንደሌለው መመስከሬ አይደለም ወይ? እህቴን በዚህ ብዙ ተከራከርኳት። መልሱን ያገኘሁት ግን ከእሷ ሳይሆን እዚሁ፣ አንድ ለቅሶ ቤት ነው።

ጎረቤታችን ባሏ በድንገት ሞቶባት ነበር። ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ «እኔ ነኝ የገደልኩት፤ ማታ ደረቴን ሲል ሐኪም ቤት ብወስደው ኖሮ» ትላለች። ዙሪያዋ ያለነው ሁሉ ተረባረብንባት። አንዱ «ኧረ ቀኑ ደርሶ ነው» ይላል፣ ሌላው «የፈጣሪ ሥራ ነው፣ እንዲህ አይባልም» ይላል፤ እኔም እንደ ባለሙያ ስለ ልብ ድካም አስረዳኋት። በነገርናት ቁጥር ጩኸቷ ባሰ። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ግን መጥተው ከጎኗ ተቀመጡ፣ እጇን ያዙ፣ «እህ... እህ ልጄ» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልጨመሩም። አርባ ደቂቃ ይሆናል። ሴትዮዋ ያንኑ ነገር ስድስት ሰባት ጊዜ ተናገረችና በመጨረሻ ራሷ «ግን እሱም እኮ አልሄድም ብሎኝ ነበር» አለች። አሮጊቷ አላረሟትም፤ ራሷ እስክትደርስበት አብረዋት ቆዩ እንጂ። ቡድሂስቶች አቫሎኪቴሽቫራ የሚሉት፣ ቬትናሞች ኳን አም ብለው በሴት መልክ የሚስሏት፣ የዓለምን ልቅሶ የምትሰማ አንዲት አካል አለቻቸው። እህቴ ስለ እሷ ስትነግረኝ በዓይኔ የመጡት እኚያ የለቅሶ ቤት አሮጊት ናቸው።

ማዳመጥ ባህላችን ውስጥ የለም አይባልም ማለት ነው። ለሐዘንተኛ እናደርገዋለን። በሕይወት ላለ፣ በየቀኑ አብሮን ለሚበላ ሰው ነው የምንነፍገው።

ከዚያ በኋላ አባዬን በዝምታ ለማዳመጥ ወሰንኩ። የመጀመሪያው ሙከራዬ ከሸፈ፤ እንዴት እንደከሸፈም ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣልና። «ጠያቂ የለኝም» አለ፣ ዝም አልኩ። እሱ ቀጠለ፣ እኔም አፌን ዘጋሁ። ግን ሆዴ ውስጥ ችሎት ተሰይሟል፤ ጠበቃዬ ይናገራል፣ ምስክር ይቆጠራል። አባዬ በመሃል አየት አደረገኝና «ምነው ፊትሽ? ተናገሪው እንጂ» አለኝ። ለካ ዝምታዬ ጥርስ ነበረው። ሁለታችንም ከበፊቱ ብሰን ተለያየን።

እህቴን ስነግራት «የመተንፈሱን ነገር ዘለልሽው» አለችኝ። እውነትም ዘልዬው ነበር፤ ለመተንፈስ ደግሞ ትምህርት ያስፈልጋል ወይ ብዬ። እዚያ ገዳም እስራኤላውያንና ፍልስጤማውያን አብረው ይጋበዙ እንደነበር ነገረችኝ። እንደመጡ ወዲያው አይነጋገሩም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እየተነፈሱ፣ በዝግታ እየተራመዱ፣ አብረው በጸጥታ እየበሉ ያሳልፋሉ። አንዱ ወገን ሲናገር ሌላው መስማት የሚጀምረው ልብ ከረጋ በኋላ ነው። ለእነሱ ቀናት ያስፈለገው ነገር ለእኔ በአንድ ከሰዓት በኋላ እንዲሆን ነበር የፈለግኩት።

በፕለም ቪሌጅ ደወል በተሰማ ቁጥር ሁሉም ሰው ያለበት ቦታ ቆሞ ሦስት ጊዜ ይተነፍሳል። ሳህን የሚያጥበውም፣ የሚያወራውም ይቆማል። ቤታችን አጠገብ ደወል የለም፤ መስጊድ ግን አለ። ስለዚህ አዛን ሲሰማ ያለሁበት ቆሜ ሦስት ጊዜ መተንፈስ ጀመርኩ። ለሙስሊሟ ጎረቤቴ ሳፍር ሳፍር ስነግራት «እኛንም እኮ የሚለን ሥራውን ተዉትና ኑ ነው» አለችኝ፣ ደስ ብሏት። ወደ ውስጥ ስተነፍስ እያስገባሁ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ወደ ውጭ ስተነፍስ እያስወጣሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሌላ ምንም የለውም። የመጀመሪያው ሳምንት ምንም አልተሰማኝም። ከወር በኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ ንዴት ሲመጣ ከቃሉ በፊት ትከሻዬ እንደሚወጠር። ስንት ዓመት ትከሻዬ ሲያስጠነቅቀኝ ኖሮ አልሰማሁትም።

ከዚያ አንድ የግንቦት ሐሙስ መጣ። ሙቀቱ ግድግዳውን ሳይቀር ያስተነፍሳል። አባዬ እንደልማዱ «እኔ እኮ ጠያቂ የለኝም» አለ። ትከሻዬ ተወጠረ፤ አወቅኩት። ተነፈስኩ። ከዚያም በአምስት ዓመት ውስጥ ጠይቄው የማላውቀውን ነገር ጠየቅኩት። «አባዬ፣ ማን ቢጠይቅህ ነበር ደስ የሚልህ?»

ብዙ ዝም አለ። አንድ ባጃጅ አለፈ፣ ሌላም አለፈ። አባቴ በአሮጌው ባቡር ጥገና ክፍል ነው ዕድሜውን የጨረሰው፤ እሱ እንደ ፈረንሳዮቹ «አትሊዬ» ይለዋል። ድሬዳዋ እኮ ራሷ የባቡር ልጅ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ እዚህ ሜዳ ላይ የበቀለች ከተማ። ያ ሐዲድ ዛሬ ዝም ብሏል፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም በሌላ መስመር፣ ከከተማው ውጭ ነው የሚያልፈው። አባዬ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። የሞተር ድምፅ ሰምቶ ብቻ በሽታውን የሚያውቅ ጓደኛው። አብረው በርጫ የሚቀመጡት፣ ሱማሌው፣ አደሬው፣ የአርሜኖች ሰፈር ልጅ የነበረው። በአስራ አንደኛው ስም ላይ ቆመ። ሁሉም ወይ ሞተዋል፣ ወይ ከአገር ወጥተዋል።

«እኔን በጉልበቴ ጊዜ የሚያውቅ አንድ ሰው አልቀረም» አለኝ። «አንቺ የምታውቂው ሽማግሌውን ነው።»

አምስት ዓመት ሙሉ እንደ ክስ የሰማሁት ነገር ክስ አልነበረም። ስለ እኔ የሚያወራ መስሎኝ ነበር፤ ስለ እኔ አልነበረም። እዚያው በረንዳ ላይ አለቀስኩ፣ እሱም አየኝና ምንም አላለም።

ያን ቀን ግን አንድ ስህተት የሆነ ነገር ተናግሯል። «እናትሽ ስትሞት እንኳ ከባቡር አንድ ሰው አልመጣም» አለ። ሐሰት ነው። መዝገቡ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ፤ ለቅሶ የመጣው ሁሉ ስሙ የተጻፈበት ደብተር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ተነፈስኩና ተውኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ጠዋት ቀዝቀዝ ሲል፣ ሻይ አጠጥቼው «አባዬ፣ የእማዬ ለቅሶ ደብተር አለ፣ ማየት ትፈልጋለህ?» አልኩት። መነጽሩን አድርጎ ገጽ በገጽ አነበበው። ሁለት ስሞች ላይ ጣቱን አሳረፈ። «እነዚህ መጥተው ነበር?» አለ። የአንዱን ልጅ ስልክ ፈልገን ደወልን። እውነቱ አልጠፋም፤ ሊቀበለው የሚችልበት ሰዓት እስኪደርስ ቆየ እንጂ። በዚያ ሐሙስ ብነግረው ኖሮ ደብተሩ የእኔ ማስረጃ ይሆን ነበር።

አሁንም «ጠያቂ የለኝም» ይላል። አልተወውም። እኔም አሁን የምሰማው ሌላ ነገር ነው።

ስለ ንግግሩም ልበል፣ ማዳመጥ ብቻውን ግማሽ ነውና። በቡድሃ ትምህርት ቃል ከመውጣቱ በፊት የሚመዘንባቸው አምስት ነገሮች አሉ፤ ጊዜው ነው ወይ፣ እውነት ነው ወይ፣ በለዘበ አንደበት ነው ወይ፣ ይጠቅማል ወይ፣ በበጎ ልብ ነው ወይ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የምጠይቀው ሁለተኛውን ብቻ ነበር። እውነት ከሆነ እናገራለሁ፤ በዚህም እኮራ ነበር። ጊዜው የሚለውን ጨርሶ አስቤው አላውቅም። በድሬ ሙቀት፣ በባዶ ሆድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የተነገረ እውነት ሰው ያቆስላል። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ ሆዴ ሲብሰኝ ምላሴ ያ ማጭድ እንደሆነች የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ቡድሃ ለልጁ ለራሁላ ገና በልጅነቱ ያስተማረው ነገር ደግሞ አለ። መስታወት ለምንድን ነው? ራስን ለማየት። እንግዲያው ቃልም ከመናገርህ በፊት፣ እየተናገርክ ሳለህ፣ ከተናገርክም በኋላ ይታያል። እኔን የጠቀመኝ መካከለኛው ነው፤ እየተናገሩ ማየት። ካፍ የወጣ አፋፍ ስለምንል የጀመርነውን ክፉ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ግዴታ ይመስለናል። ለካ መሃል ላይ ማቆም ይቻላል። «ቆይ፣ ተውኩት፤ አነጋገሬ ልክ አይደለም» ማለት ይቻላል። መድኃኒት ቤት ውስጥ ይህን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እለዋለሁ። አንዲት እናት ክኒኑን ስንት ጊዜ እንደሚውጡ ለአራተኛ ጊዜ ሲጠይቁኝ «ነግሬሽ አልነበር...» ብዬ ጀምሬ አቆምኩና ካርቶኑ ላይ ጸሐይና ጨረቃ ሣልኩላቸው። ማንበብ እንደማይችሉ ለመናገር አፍረው ነበር። (ድሬ ላይ «አንቱ» ብዙ አይባልም፤ ሽማግሌውም ሕፃኑም «አንተ፣ አንቺ» ነው። እኔ ይህን ልማድ እወደዋለሁ፣ ቅርበት አለበት። ግን ቁጣ ሲገባበት ያው ቅርበት ስለት ይሆናል።)

መልካም ንግግር ማባበል እንዳልሆነ የተረዳሁት በክኒኑ ጉዳይ ነው። አንድ ቀን የአበባ ማሰሮ ሥር አሥራ ሰባት ክኒን አገኘሁ። አባዬ መዳፉ ላይ ሳስቀምጥለት ይቀበልና ይደብቀው ነበር። ደም ግፊት ነው፤ በዝምታ የሚታለፍ ነገር አይደለም። የድሮዋ እኔ ማሰሮውን ይዤ በረንዳው ላይ እጮህ ነበር። ያን ቀን እስኪመሽ ጠበቅኩ። ነፋሱ ሲነሳ አጠገቡ ተቀምጬ «አባዬ፣ ክኒኖቹን አግኝቻቸዋለሁ። ፈርቻለሁ። ለምን እንደተውከው ልትነግረኝ ትችላለህ?» አልኩት። ሽርጡን ገለጥ አድርጎ ቁርጭምጭሚቱን አሳየኝ። አብጧል። ጫማው አልገባ ስላለው፣ በነጠላ ጫማ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ስላፈረ፣ ከእሑድ ቅዳሴ የቀረው ለዚያ ነበር። ድካም ነው ብዬ ነበር የማስበው። የሚወስደው አምሎዲፒን ነው። እግር እንደሚያሳብጥ ስንት ሰው እያስጠነቀቅኩ ኖሬ የአባቴን እግር አላየሁም። ሐኪሙ ጋ ሄድን፣ መድኃኒቱ ተቀየረ፣ እብጠቱ ጎደለ። ይህን የሚያነብ ሰው በራሱ ፈቃድ ክኒን እንዳያቆም እለምናለሁ፤ ሐኪሙን ያማክር። እኛም የምናስታምመው ከመቆጣታችን በፊት «ምን ሆኖብህ ነው?» እንበል።

የማልችልባቸው ቀናት አሉ። ርኅራኄው የሚያልቅባቸው። እነ ቲክ ናት ሃን ለዚህም መውጫ አላቸው፤ ርኅራኄ ከሌለ ማዳመጥ አይቀጥልም፣ አስመስሎ መቀመጥም አይጠቅምም። «አባዬ፣ ዛሬ ደክሞኛል፣ በደንብ አልሰማህም። ነገ ከምሳ በኋላ ንገረኝ» እለዋለሁ። መጀመሪያ ቅር ይለው ነበር። ነገ ብዬ ነገውን ስመጣ ግን ማመን ጀመረ። ቃል የተገባበትን ቀን ማክበር ከሁሉ ይበልጣል፤ ቀጠሮውን የሚያፈርስ ሰው መጀመሪያውኑ ባይቀጥር ይሻላል። ደግሞ የሚሰድብ፣ እጁን የሚያነሳ ሰው ፊት ተቀምጦ መተንፈስ ይህ ልምምድ አይደለም። እዚያ መጀመሪያ የሚያስፈልገው መራቅና ሰው መጥራት ነው።

የከበደኝ የመጨረሻው ነገር ከእህቴ ጋር ያለው ነው። አባዬን ማዳመጥ እያስተማረችኝ እንኳ ለእሷ ያለኝ ቂም እንዳለ ነበር። እሷ ሄደች፣ እኔ ቀረሁ። ስኮላርሺፕ አግኝቼ አባቴንና እናቴን ማን ያያል ብዬ የተውኩትን አታውቅም፤ አልነገርኳትምና። እኛ ቤት ደግሞ ሆድ ይፍጀው ማለት እንደ ጨዋነት ነው የሚቆጠረው። ቲክ ናት ሃን ለተጎዳ ሰው የሚሰጡት ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ነው። ተጎድቻለሁ፣ እንድታውቂው እፈልጋለሁ። የምችለውን እያደረግኩ ነው። እባክሽ እርጂኝ። ከሃያ አራት ሰዓት በላይ ሳታሳድሪው ንገሪ፤ ፊት ለፊት ካልቻልሽ ጻፊው ይላሉ። እኔ አሥራ ስምንት ዓመት አሳድሬዋለሁ። ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። የተጎዳሁበትን ሰው እርጂኝ ማለት ኩራቴን በእጄ እንደ መስበር ነው። አንድ ማታ ጻፍኩላት። ሦስቱን፣ ከዚያም ስለ ስኮላርሺፑ ሁለት መስመር። አንድም «ለምን» የሚል ቃል አላስገባሁም፤ አራት ጊዜ አጥፍቼ ነው የላክሁት።

ሁለት ቀን መልስ አልመጣም። በሦስተኛው ቀን አጭር የድምፅ መልእክት ላከች። «ሰማሁሽ። አላውቅም ነበር። እኔም የምነግርሽ ነገር አለኝ፤ ግን መስማት የምትችይበትን ቀን አንቺ ንገሪኝ።»

ቀኑን ለመንገር ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። እሑድ፣ በእኛ ሰዓት ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ብያታለሁ። አባዬ ሲሰማ «ስልኩን ለእኔም ስጪኝ፣ ፈረንሳይኛዬን ልሞክርባት» አለ፤ ከእኔ በኋላ ብዬዋለሁ። ከአዛኑ ውጭም መተንፈሱን ጨምሬያለሁ፤ ጠዋት ስነሳ፣ ማታ ስተኛ። ምን እንደምትለኝ ከወዲሁ ይመስለኛል አውቀዋለሁ። እናታችን በታመመች ጊዜ ትኬት ልቁረጥ ብላ ስትደውል፣ «ደህና ናት፣ አትምጪ» ያልኳት እኔ ነበርኩ።